የእጅን ሥራ ስለ መስረቅና ስምን ስለ መፋቅ

ሰው ሀብቴ ብሎ የሚቈጥረው ነገር ሁሉ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው እንደ መሬት፥ እንደ ከብት፥ እንደ ቤት በእጅ የሚዳሰሰው ነው። ሁለተኛው እንደ ዜማ፥ እንደ ቅኔ፥ እንደ መጽሐፍ፥ እንደ ሥዕል ከአእምሮ የሚወለደው ነው። የፊተኛውን የሰረቀ ሰው ሌባ ተብሎ ሲያዝ አገር ሁሉ ይስማማል። የኋለኛውን የሰረቀ ግን ብዙ ጊዜ ሌባ አይባልም፤ እንዲያውም ብልኅ ይባላል። ዛሬ ልንናገርለት ያሰብነው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ሀብት ነው፤ ከእርሱም መካከል በየገጠሩ ከተማ ያሉ ፎቶግራፍ አንሺዎች ስለሚደርስባቸው በደልና በደሉም ስለሚታረምበት መንገድ ነው።

ነገሩ ከአንድ አገር ተነሥቶ ቢነገር ይገለጻልና፥ በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል ያሉትን ጋይንትን፥ ስማዳንና እስቴን እንመልከት። ይህ አገር ለዐይን የተሰጠ አገር ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጉና ተራራ በላዩ ቆሟል፤ ርብና ጉማራ ከእርሱ እየመነጩ ወደ ጣና ይወርዳሉ። በስማዳ በኩል ምድሩ ወደ በሽሎና ወደ ዐባይ ሸለቆ ይቈረጣል። በንፋስ መውጫ፥ በአርብ ገበያ፥ በወገዳ፥ በመካነ ኢየሱስ ከተማ ፎቶ ቤት ከፍቶ የሚኖር ሰው የዕለት እንጀራውን የሚያገኘው ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶግራፍ በማንሣት፥ በሠርግ፥ በክርስትናና በተማሪዎች ምረቃ እየተጠራ ነው። ከዚህ ሥራው ሲያርፍ ግን፥ ሙያውን የሚወድ እንደ ሆነ፥ ማንም ሳያዝዘው ካሜራውን ተሸክሞ ተራራ ይወጣል፤ ለጥምቀት ታቦት ሲወርድ፥ ገበሬ በደመና ውስጥ ገብሱን ሲያጭድ፥ የቆሎ ተማሪ በዳዋ ጎጆው ደጅ ተቀምጦ ሲያጠና ያነሣል።

እንግዲህ ለምሳሌ ያህል እንዲህ እንበል። ከእነዚህ ፎቶግራፍ አንሺዎች አንዱ ሌሊት ተነሥቶ በብርድ ተጕዞ ፀሐይ ስትወጣ ጉናን አነሣ። ሥዕሉንም ወዳጆቹ እንዲያዩት በፌስቡክ አወጣው፤ ከታችም ስሙን ጻፈበት። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ሥዕል በአንድ የንግድ ቤት የግድግዳ መቍጠሪያ ላይ ታትሞ በገበያ ሲሸጥ አየው። ስሙ ያለበት የታችኛው ጠርዝ ተቈርጧል፤ በምትኩም የነጋዴው ምልክት ታትሟል። ባለቤቱ ሄዶ ቢጠይቅ የሚሰጠው መልስ «ከኢንተርኔት ያገኘሁት ነው» የሚል ነው። ይህ ምሳሌ ነው እንጂ የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም፤ ነገር ግን በሙያው ያለ ሰው ሁሉ ሲሰማው እንግዳ እንደማይሆንበት እናውቃለን።

«አገኘሁት» ማለት መልስ አይሆንም። በገበያ ቀን ከመንጋው የተለየች በግ በመንገድ ላይ ብናገኝ ባለቤቷን እንጠይቃለን እንጂ አርደን አንበላትም። በመንገድ መገኘቷ ባለቤት እንደሌላት አያስረዳምና። ሥዕልም በአደባባይ መታየቱ ባለቤቱ ለሁሉ ሰጥቶታል ማለት አይደለም፤ ሸማኔ ጥበቡን በገበያ የሚዘረጋው እንዲታይለትና እንዲሸጥለት እንጂ ያለፈ ያገደመ እንዲለብሰው አይደለም።

ሌሎች ደግሞ «ጉናን የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፤ ሥዕሉንም ያነሣው መኪናው ነው፤ ታዲያ የሰውየው ድካም ምኑ ላይ ነው?» ይላሉ። ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1882 ዓ.ም. ናፖሊዮን ሳሮኒ የሚባል የኒው ዮርክ ፎቶግራፍ አንሺ ኦስካር ዋይልድ የተባለውን የታወቀ ደራሲ አነሣው። አንድ የማተሚያ ኩባንያ ሥዕሉን ያለ ፈቃድ 85,000 ጊዜ አትሞ አወጣው። በተከሰሰም ጊዜ፥ ፎቶግራፍ የመሣሪያ ሥራ ነው እንጂ የሰው ድርሰት አይደለም ብሎ ተከራከረ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1884 ዓ.ም. ፎቶግራፍ አንሺው አቀማመጡን፥ ልብሱን፥ ብርሃኑንና ጥላውን በአሳቡ መርጦ ያዘጋጀ ስለ ሆነ ሥራው የአእምሮው ልጅ ነው ብሎ ፈረደለት። በእኛም አገር ነገሩ እንደዚሁ ነው። ጉና የሁሉ ነው፤ ማንም ወጥቶ ሊያነሣው ይችላል። የተከለከለው ባልንጀራ በብርድ ተጕዞ ያነሣውን ጉና ቁጭ ብሎ መውሰድ ነው።

«ሥራውን አስተዋወቅንለት እንጂ ምን ጐዳነው?» የሚሉም አሉ። ስሙን ቈርጦ ያስተዋወቀ ማንን አስተዋወቀ? ስሙንስ ቢተውለት፥ ዝና ብቻውን ጤፍ ይገዛልን? የፎቶ ቤት ኪራይስ ይከፍላልን? ማስተዋወቅ ለባለቤቱ የሚጠቅመው ባለቤቱ ሲፈቅደው ነው።

የሰውን የአእምሮ ፍሬ ማክበር ከውጭ አገር ተምረን ያመጣነው ነገር የሚመስለው ሰው ቢኖር ወደ ራሱ ወደ ጋይንት ይመልከት። የድጓ ምስክር ቤት የሆነችው ቤተልሔምና የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ቤት የሆነችው ዙር አምባ በዚያ ይገኛሉ። ከሩቅ አገር የመጣ ደቀ መዝሙር ትምህርቱን አስመስክሮ ሲወጣ የመምህሩን ስም ይዞ ይወጣል፤ ከማን ተማርህ ተብሎ ሲጠየቅ ከሜዳ አገኘሁት አይልም። በቅኔ ቤትም የባልንጀራውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ተማሪ በጉባኤ ፊት ያፍራል። የብራና መጽሐፍንም የገለጠ ሰው የጻፈውንና ያስጻፈውን ሰው ስም፥ ከዚያም ጋራ ብዙ ጊዜ መጽሐፉን የሰረቀና የፋቀ የተወገዘ ይሁን የሚል ቃል ያገኛል።

አስተውሉ፤ ግዝቱ በሁለት ነገር ላይ ነው። ሌባው የሚወገዘው ጥቅምን ስለ ወሰደ ነው፤ ፋቂውም የሚወገዘው ስምን ስላጠፋ ነው። አባቶቻችን እነዚህ ሁለቱ የተለያዩ በደሎች መሆናቸውን ዐውቀው ለየብቻቸው ጠርተዋቸዋል። የዛሬው ሕግም የሥራ አመንጪውን መብት ለሁለት ይከፍለዋል፤ በሥራው የመጠቀሙን የኢኮኖሚ መብት፥ በሥራው ላይ በስሙ የመታወቁንና ሥራው እንዳይበላሽበት የመከላከሉን የሞራል መብት ይለዋል። እንግዲህ የፎቶግራፉን ጠርዝ ቈርጦ በመቍጠሪያ ላይ ያተመው ሰው ሰርቋልም፥ ፍቋልም።

በዚህ ነገር ላይ የአገራችንን ታሪክ የሚነካ አንድ ነገር እናስታውስ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጐተቱት በጋይንት በኩል መንገድ እያስጠረጉ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ካለፉ በኋላ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ የ7 ዓመት ሕፃን ሳለ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። በዚያው ዓመት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ በዋይት ደሴት አነሣችውና ሥዕሉ ታትሞ ተሸጠ። እንግሊዝ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1862 ዓ.ም. ፎቶግራፍን የሚጠብቅ ሕግ አውጥታ ስለ ነበር ይህች ሴት ብዙ ሥዕሎችዋን በሕጉ መሠረት ታስመዘግብ ነበር። የአንሺዋ መብት እንዲህ ሲጠበቅላት፥ አባቱንና አገሩን ያጣው ሕፃን ግን ፊቱ ይሸጥ ዘንድ ይፈቅድ እንደ ሆነ የሚጠይቅለት ሕግ አልነበረም።

ስለ ቤተልሔምም ብናነሣ፥ ቶማስ ፓክናም የተባለው ጸሓፊ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት መካከል ወደ ጋይንት መጥቶ በክብ ሣር ክዳን ውስጥ ተሸፍኖ የነበረውን የጥንት ሕንፃ አይቶ «የራሴላስ ተራሮች» በሚል መጽሐፍ በ1959 ዓ.ም. ለዓለም አስታወቀ። ከውጭ የመጣ ሰው ያየውና የጻፈው በስሙ ተመዝግቦ ሲኖር፥ በዚያው አገር ተወልዶ ያደገ ልጅ ያነሣው ሥዕል ስም የለሽ ሆኖ ቢቀር ለአገሩ ታሪክ ጕድለት ነው። የነገ ታሪክ ጸሓፊ ይህን ማን አየ፥ መቼ አየ፥ ከወዴት ቆሞ አየ ብሎ ሲጠይቅ የሚመልስለት አያገኝምና።

አሁን ሕጉ ምን እንደሚል በአጭሩ እንግለጽ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የድርሰትና የኪነ ጥበብ ባለቤትነትን ያወቀ ነበር። ኋላም የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 ወጣ፤ እርሱም በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 872 ተሻሻለ። በዚህ አዋጅ የፎቶግራፍ ሥራ፥ በፊልም የተነሣም ቢሆን በዲጂታል መሣሪያ፥ ጥበቃ አለው። ጥበቃውም የሚጀምረው ሥራው ከተሠራበት ሰዓት ጀምሮ ነው እንጂ ማኅተምና ምዝገባ አይጠብቅም። ባለቤቱ ሊያስመዘግብ ቢወድ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አለ፤ ይህም ለማስረጃ ይጠቅመዋል። የሌሎች ድርሰቶች ጥበቃ የደራሲውን ዕድሜና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ሲሆን፥ የፎቶግራፍ የኢኮኖሚ መብት ግን ሥዕሉ ከተነሣ ጀምሮ ለ25 ዓመት ነው። መብትን ለሌላ ማስተላለፍ ወይም ማከራየት በጽሑፍ እንዲሆን ታዟል። የሞራል ጉዳት ካሣም ከ100,000 ብር እንዳያንስ የ1996ቱ አዋጅ ወስኗል፤ ከዚህም በቀር መብትን መጣስ በወንጀል ያስከስሳል።

ይሁን እንጂ ተበደልሁ የሚል ሁሉ ተበዳይ አይደለምና ፎቶግራፍ አንሺው አስቀድሞ ራሱን ይመርምር። ሠርግ እንዲያነሣ ታዝዞና ዋጋውን ተቀብሎ ያነሣው ሥዕል እንደ ሆነ፥ የተለየ ውል ከሌለ በቀር የኢኮኖሚ መብቱ የአዛዡ ነው፤ ሙሽሮቹ የራሳቸውን የሠርግ ሥዕል ቢያሳትሙ ሊከስሳቸው አይችልም። ለመምህር ለማስተማሪያ፥ ለጋዜጣ የወቅቱን ነገር ለማስታወቅ፥ ለአንድ ሰው ለግል ጥቅሙ ሕጉ በመጠን የፈቀደው አጠቃቀም አለ። እንዲሁም በቃሉ «ውሰደው፥ ተጠቀምበት» ብሎ የሰጠውን ረስቶ እንዳይሆን ያስታውስ።

ራሱን መርምሮ በደል መኖሩን ካወቀ በኋላ ግን እንደሚከተለው ቢያደርግ መልካም ነው።

አንደኛ፥ ማስረጃውን ይሰብስብ። ካሜራው በመጀመሪያ የመዘገበው ሳይነካ ይቀመጥ፤ በውስጡ የተነሣበት ቀንና የመሣሪያው ዐይነት ተጽፎ ይገኛልና። በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ቅጅ ግን ይህን መረጃ ያጣል፥ ጥራቱም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ለማስረጃ አይበቃም። ከሁሉም የሚበልጠው ማስረጃ ከዚያ ሥዕል በፊትና በኋላ በተከታታይ የተነሡት ሥዕሎች ናቸው። የወሰደው ሰው ያለው አንድ ሥዕል ብቻ ነው፤ ያነሣው ሰው ግን ደመናው ከመምጣቱ በፊትና ካለፈ በኋላ ያለውንም ይዟል። ሌላው ሰው ሥዕሉን የተጠቀመበትንም ሳይጠፋ፥ ከታተመ አንዱን በደረሰኝ ገዝቶ፥ በስልክ የወጣ እንደ ሆነ ገጹን ከነቀኑ አንሥቶ ያስቀምጥ።

ሁለተኛ፥ በቁጣ ሳይሆን በጽሑፍ ይጠይቅ። ደብዳቤው ሥዕሉ የማን እንደ ሆነ፥ መቼና የት እንደ ተነሣ፥ በምን ላይ ያለ ፈቃድ እንደ ዋለ ይግለጽ፤ ከዚያም የሚፈልገውን፥ እንዲነሣለት ወይም ስሙ እንዲመለስለት ወይም ዋጋው እንዲከፈለው፥ ከቀን ገደብ ጋራ ያመልክት። በአደባባይ ሌባ እያሉ መጮኽ ግን ተበዳዩን በስም ማጥፋት ተከሳሽ ሊያደርገው ይችላል። ያሳተመውም ሰው ምናልባት ከሌላ ሰው በገንዘቡ ገዝቶ የተታለለ ይሆናል።

ሦስተኛ፥ በኢንተርኔት የወጣ እንደ ሆነ ፌስቡክና እነርሱን የመሰሉት ድርጅቶች የባለቤትነት አቤቱታ የሚቀበሉበት መንገድ ስላላቸው በዚያ ያመልክት። ይህ ገንዘብ አያስወጣም፤ የፊተኛው ማስረጃ በእጁ ላለ ሰውም ብዙ ጊዜ ይረዳዋል።

አራተኛ፥ በሽማግሌ ይሞክር። ከስማዳ ወይም ከእስቴ ተነሥቶ በፍርድ ቤት መመላለስ የሥራ ቀንና የመንገድ ወጪ የሚበላ ነገር ነው። በአንድ ከተማ የሚኖሩ ነጋዴና ፎቶግራፍ አንሺ በሁለት ሽማግሎች ፊት ቢታረቁ፥ ያለፈው ተክሶ ለወደፊቱም ውል ቢጻፍ፥ ትናንት የተጣሉት ዛሬ ሻጭና ገዢ ይሆናሉ። የዕርቁ ቃል ግን በወረቀት ይስፈር።

አምስተኛ፥ ይህ ሁሉ ባይሆን ከሕግ ዐዋቂ ጋራ ተማክሮ ይክሰስ። ፍርድ ቤት ድርጊቱ እንዲቆም ለማገድም፥ ካሣ ለማስከፈልም ሥልጣን አለው። አንድ ሰው በድፍረት የጀመረው ክስ ከእርሱ በኋላ ለሚመጡት ባለ ሙያዎች ሁሉ ጋሻ ይሆናል።

ከበደል በኋላ ከመድከም ግን አስቀድሞ መጠንቀቅ ይሻላል። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደ ተባለው፥ ለሆቴል ግድግዳ፥ ለመቍጠሪያ፥ ለመሥሪያ ቤት መጽሔት ሥዕል ሲሰጥ ለምን፥ ለስንት ጊዜ፥ በስንት ዋጋ እንደ ሆነ በአንዲት ወረቀት ላይ መጻፍ ከብዙ ጠብ ያድናል። ለእይታ ብቻ የሚወጣውንም ሥዕል ለኅትመት በማይበቃ መጠን አሳንሶ ማውጣት፥ ስምንም በጠርዙ ሳይሆን ቢቈረጥ ሥዕሉን በሚያበላሽበት ስፍራ መጻፍ ይጠቅማል።

መብቱን የሚጠይቅ ሰው የሌላውን መብት ማክበር ይገባዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፥ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ በአደባባይ ስለሚደረግ በዓልና ስለ ሕዝብ ጉዳይ ግን የተለየ ፈቃድ አለው። ስለዚህ የቆሎ ተማሪውንም፥ ገብስ የምታበጥረውንም እናት፥ ለቅሶ የተቀመጠውንም አባት ብቻቸውን አንሥቶ ለገበያ የሚያወጣ ፎቶግራፍ አንሺ አስቀድሞ ይጠይቃቸው። ድኻ ስለ ሆኑ ፊታቸው የማንም አይደለም። በቤተ ክርስቲያንም ውስጥ ከአስተዳዳሪው ፈቃድ ውጭ ቅዱሳት ንዋያትን አንሥቶ መበተን ነውር ከመሆኑም በላይ ለሌባ መንገድ ያሳያል። የሕፃኑን የዓለማየሁን ሥዕል ያስታወስነው በዚህ ምክንያት ነው፤ በካሜራው በስተኋላ ያለው ሰው መብት እንዳለው ሁሉ በስተፊቱ ያለውም አለው።

አንድ ሌላ ነገር እንጨምር። በ2013 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ጦርነት ንፋስ መውጫ ድረስ መጥቶ ነበር። እንዲህ ባለው ጊዜ ከአንድ ስፍራ የተነሣ ሥዕል ስሙና ቀኑ ተፍቆ የሌላ ስፍራ ሥዕል ተብሎ ቢወጣ፥ የሚጐዳው ፎቶግራፍ አንሺው ብቻ አይደለም። እውነተኛው መከራ የደረሰበት ሕዝብ ምስክሩን ያጣል፤ ሐሰተኛው ከተጋለጠ በኋላ እውነተኛውንም የሚያምነው አይገኝምና። ማን፥ የት፥ መቼ እንዳነሣው የታወቀ ሥዕል በፍርድም በታሪክም ፊት ይቆማል፤ ባለቤቱ የተፋቀበት ሥዕል ግን ስሙን ደብቆ እንደሚመሰክር ሰው ነው። ስለዚህ የፎቶግራፍ አንሺን ስም መጠበቅ እውነትን መጠበቅ ነው።

እንግዲህ መቍጠሪያ የምታሳትሙ ነጋዴዎች፥ ግድግዳችሁን የምታስጌጡ ባለ ሆቴሎች፥ የአገሩን ውበት ለጐብኚ የምታሳዩ መሥሪያ ቤቶች፥ የማተሚያ ቤት ሠራተኞችም ሆይ፥ የሰው ወርቅ አያደምቅምና ሥዕሉን ከማተማችሁ በፊት ይህ የማን ነው ብላችሁ ጠይቁ። ባለቤቱ ሩቅ አይደለም፤ በዚያው ከተማ ከገበያው ማዶ ፎቶ ቤቱን ከፍቶ ተቀምጧል። የምትከፍሉት ዋጋ ለኅትመቱ ከምታወጡት ወጪ ጋራ ሲተያይ ጥቂት ነው፤ ለእርሱ ግን በሚመጣው ዓመት ወደ ጉና እንደ ገና የሚወጣበት ስንቅ ነው። ስንቁ የተወሰደበት ሰው ካሜራውን ሸጦ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል። ያን ጊዜ የጋይንትን፥ የስማዳንና የእስቴን መልክ ለልጆቻቸው የሚያቈይ ሰው አይኖርም፤ የሚሰረቅም ሥዕል አይገኝም።